ሦስት ጊዜ ጠርቶ ያልተነሳው ስልክ

ሰዉ ሁሉ የሚያውቃት «ሲስተር ደወል» በሚል ስም ነበር። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም የሚነሳው የደመወዝ ቀን ብቻ ነው። ቅጽል ስሙን የለጠፈባት የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ጥበቃ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሽማግሌ ነው። «እሷ ስልክ ስትደውል አንዱ ቤት ሳቅ ይሆናል» ይላል፤ «ሌላው ቤት ግን ትናንትናውኑ ዋይታ ሆኗል።» ሰሚው ለመሳቅ አፉን ይከፍትና፣ ነገሩ ሲገባው መልሶ ይዘጋዋል።

ሥራዋ መደወል ነበር። የመንግሥት ሆስፒታሉ ማሽኖች ጥቂት ናቸው፤ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበት ሰው ግን ብዙ። ቦታ ያገኘ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ ደሙ በቱቦ ይወጣል፣ ታጥቦም ይመለስለታል፤ በነጻ። ቦታ ያላገኘ ተራ ይጠብቃል። ማን ቢታጠብ ዕድሜ ያገኛል፣ ማን ትንንሽ ልጆች አሉት፣ ማን ቀድሞ መጣ እያለ ተራውን የሚያወጣው የሐኪሞች ኮሚቴ ነው። ወንበር ባዶ የሚሆነው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ፣ ታካሚው ኩላሊት የሚለግሰው ዘመድ ሲያገኝ። ይሄ እንደ ዝናብ በበጋ ነው። ሁለተኛውን መንገድ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

አዲስ ገቢ ሁሉ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ከኔ በፊት ማን ነበር?» ይላል። የነርሶቹ መልስ አንድ ነው፤ «ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር፣ አሁን ተጠገነ።» ጠያቂው ራሱን ይነቀንቃል። ወንበሩ በረኪና በረኪና ይሸታል። ያመነ ሰው እስካሁን አልታየም፤ ግን ሁሉም ያመነ ይመስላል።

ሲስተር ደወል ጠዋት ጠዋት ታካሚዎች ሳይገቡ በዚያ ክፍል ማለፍ አትወድም ነበር። ሌላው ሰው ባዶ ወንበሮች ያያል፤ ለእሷ ግን ባዶ አልነበሩም። መስኮቱ ሥር ባለው ላይ ጋዜጣውን አራት አጥፎ የሚያነበው ጡረተኛ አስተማሪ ይቀመጣል፤ ከሱ በፊት እጇን በሻርፕ ሸፍና የምትተኛ ልጅ እግር ነበረች፤ ከሷ በፊት ደግሞ ሲያንኮራፋ ክፍሉን የሚያናውጥ ሾፌር። አንዱ በአንዱ ጭን ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ ታያቸዋለች። የሁሉንም ቤተሰብ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቦታ ተገኝቷል» ብላ የጠራችው እሷ ናት። አንዳንዴ ደውላ «እሱ እንኳ ካረፈ ሰነበተ» ይሏታል። ያኔ ምን እንደሚባል የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። «ነፍስ ይማር» ትልና ወደ ቀጣዩ ትደውላለች።

ከወንድሟ በቀር ሰው የላትም። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና የወተት ጥርሷን አልጣለችም፤ እሱ ደግሞ ጢሙን መላጨት የጀመረ ጎረምሳ ልብስ ሰፊ ነበር። በአንዲት ባለ አንድ በር ሱቅ ውስጥ፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና አሳደጋት። የትምህርት ቤት ልብሷን ሰፋላት፤ ነርስ ሆና ስትመረቅ ነጩን ጋውን ሰፋላት። ካገባና ልጆች ከወለደ በኋላም «የበኩር ልጄ እሷ ናት» ማለቱን አልተወም። እሷም እስከ ዛሬ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ጋሼ» ነው። እሱ «እታለም» ይላታል።

አንድ ቀን ሱቁ ጎራ ስትል ጋሼ በባዶ እግሩ መኪናውን ይረግጣል።

«ጫማህስ?»

«ጠበበኝ።»

«ስንት ዓመት ያደረግከው ጫማ ዛሬ ጠበበህ?»

«እኔስ ምን ላውቅ፣ ጫማ ሰፊ አይደለሁ» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ። በሥራዋ እንዲህ ያለ እግር ስንት ጊዜ እንዳየች ልትቆጥር አትችልም። በማግስቱ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ አልቀዋል። ኮሚቴው አየው፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ ልቡም ደክሟል፣ ተራ ይጠብቅ ተባለ። እሷ ለአለቃዋ፣ ለዋናዋ ነርስ፣ «ወንድሜ ነው» ብላ ነገረቻት። ዋናዋ ነርስ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «አንቺ ኮሚቴው ውስጥ የለሽበትም፣ አትጨነቂ። ተራው ሲደርስ እንደ ማንም ይገባል» አለቻት።

በመሀል በግል ክሊኒክ ታጠበ። የስፌት መኪናው የተሸጠው ያኔ ነው። ሚስቱ መኪናው በጋሪ ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱ ግን «ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ነኝ መኪና የነዳሁት፤ አሁን ደግሞ መኪና እኔን ይንዳኝ» አለ። የመኪናው ዋጋ ሲያልቅ የግሉም ክሊኒክ አለቀ፤ ጋሼ ጠዋት እየመጣ እንደ ሌላው ሰው የኮሪደሩ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመረ።

በተራው ከሱ የምትቀድም አንዲት ወጣት ጸጉር ሠሪ ነበረች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ባሏ ግንበኛ ነው። እሷን አግዳሚው ላይ የማያውቃት የለም፤ ከመከፋት ይልቅ ማውራት ትወዳለች። ከጋሼ ጋር ደግሞ ተግባብተዋል።

«አባባ፣ እኔ ከገባሁ ቀጣዩ እርስዎ ነዎት አሉ» አለችው አንድ ቀን።

«እንግዲያው ቶሎ ግቢልኛ!»

«ሳይደግስ አይጣላም፣ ሁለታችንም እንገባለን።»

ሲስተር ደወል ይህን ከመስኮቷ ሆና ሰማች። እንዳልሰማች ሆና ስልኩን አነሳች፤ የምትደውልለት ሰው ግን አልነበረም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ባለ አንድ ማለዳ ጡረተኛው አስተማሪ ሳይመጣ ቀረ። ልጁ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና የአባቱን ብርድ ልብስ ጠየቀ። ብርድ ልብሱ ተሰጠው። ጽዳቷ በረኪናዋን ይዛ ገባች።

ሲስተር ደወል የግንበኛውን ቁጥር መታች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። የክፍሉ ደንብ ግልጽ ነው፤ ማሽን ባዶ አይውልም፣ ሦስት ጊዜ ተደውሎ ካልተነሳ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ጥቂት ቆይታ ደገመች። ጠርቶ ጠርቶ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ መልስ አይሰጡም የሚለው የሴት ድምፅ መጣ።

ከመስኮቱ ማዶ ጋሼ አግዳሚው ላይ ነው። ያን ቀን አልተቀመጠም ማለት ይሻላል፤ ተጣጥፏል። ደረቱ ውስጥ ውሃ ስለገባ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይሰማል። ሚስቱ ጀርባውን ታሻለች። ጸጉር ሠሪዋ አልመጣችም፤ ቤት ናት።

ሦስተኛውን ደወለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ዓይኗ ወንድሟ ላይ ነበር። ጠራ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጠራ። ያቺው ሴት መጣች፤ መልስ አይሰጡም።

ለሌላ ሰው ቢሆን ምን ታደርግ እንደነበር ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ደንቡን ረስታ አራተኛ፣ አምስተኛ ትደውል ነበር። ለባለ ሱቅ ጎረቤት ትደውል ነበር። አንድ ጊዜማ ታክሲ ይዛ ሄዳ የሰው በር በድንጋይ ደብድባለች። ያን ቀን ግን ስልኩን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አልተነሳም» አለች።

«ሦስቴ?» አለች ዋናዋ ነርስ።

«ሦስቴ።»

ዋናዋ ነርስ አየቻት። ምናልባትም ከሚገባው ትንሽ በላይ አየቻት። «እንግዲያው ቀጣዩ ይግባ» አለች።

ሲስተር ደወል ወጥታ ወንድሟ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ተነስ። ተራህ ደርሷል» አለችው። ሚስቱ እልል ልትል አፏን ከፈተችና የኮሪደሩን ሰዎች አይታ በእጇ ሸፈነችው።

ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ትንፋሹ ረጋ። የከንፈሩ ቀለም ተመለሰ። ደሙ የሚሄድበትን ቱቦ በዓይኑ እየተከተለ «ይቺኛዋ መኪና ደግሞ በቀይ ክር ነው የምትሰፋው» አለ። ከዚያ «እታለም፣ እዚህ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር» አለችው።

ስልኩ የጠራው ለምሳ ልትወጣ ስትል ነው።

«ሲስተር፣ ከዚህ ቁጥር ደውለውልኝ ነበር?» ድምፁ ያለከልካል። ከኋላው የአሸዋና የአካፋ ድምፅ አለ። «ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከመሰላል ስለወደቀ አለቃችን ስልክ ይዛችሁ አትውጡ ብሎን፣ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። አሁን ገና ወረድኩ። ቦታ ተገኘ? ልሂድ ላምጣት?»

የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠመዘዘች።

«ሲስተር?»

«ወንድሜ … ተራው አልፏል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ደንቡ …»

«አውቃለሁ፣ ደንቡን ነግረውናል» አላት። «ጃኬቴ ውስጥ ነበር» አለ እንደገና፤ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ ይመስል ነበር።

«የሚቀጥለው የእናንተ ነው። መጀመሪያ የምደውለው ለአንተ ነው።»

«እሺ ሲስተር፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋ።

ያ «እግዜር ይስጥልኝ» ከዚያ በኋላ ቤቷ ገባ። ውሃ ስትቀዳ ከቧንቧው ይወጣል፤ ስትተኛ ትራሷ ውስጥ አለ። የራሷን ስልክ ድምፅ አጠፋች፤ ድምፁ ጠፍቶም ግን ትሰማው ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ከሩቅ፣ ከአንድ ጃኬት ኪስ ውስጥ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

ጸጉር ሠሪዋ እየባሰባት ሄደ። ሲብስባት ድንገተኛ ክፍል ለአንድ ጊዜ ያጥቧትና ይመልሷታል፤ ያም በየጊዜው አይገኝም። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠበበ። አግዳሚው ላይ ማውራት አቆመች። ባሏ ሥራውን ጥሎ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ስልኩን ከእጁ አያወርድም፣ ሲበላም በግራ እጁ ይይዘዋል። አንድ ቀን ሲስተር ደወል በአጠገቡ ስታልፍ ለሌላ አስታማሚ ሲናገር ሰማችው፤ «የገደልኳት እኔ ነኝ። ጃኬት ሰቅዬ።»

ቆም አለች። ልትናገር አፏ ድረስ መጣ። ግን እግሯ ወሰዳት።

ከዚያ ቀን በኋላ አልቻለችም። ወንድሟ ቤት ሄዳ፣ ሚስቱ ውጭ ልብስ ስታሰጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረችው።

ጋሼ ሳያቋርጥ ሰማት። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ለሌላው ሰው ስንት ጊዜ ነው የምትደውዪው?»

«ጋሼ …»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«እስኪነሳ» አለች።

ፊቱን አዙሮ «ያቺ ልጅ የምትቀድመኝ ነበረች» አለ። «አብረን ነው የተቀመጥነው። አባባ ነው የምትለኝ።» ከዚያም በኋላ፣ «በይ ሂጂ። አልተቆጣሁሽም። ግን ዛሬ ሂጂልኝ።»

በሚቀጥለው የእጥበት ቀኑ ሐኪሙን አስጠራ።

«ዶክተር፣ ሦስቱን ቀን ትቼ በሁለት ቀን ልታጠብ። የተረፈውን ለዚያች ልጅ ስጧት።»

ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም የደከመው ሰው ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አባባ፣ ይሄን ሐሳብ እኔ ራሴ ኮሚቴው ላይ አንስቼው አውቃለሁ። ለአንዳንድ ሰው ይሆናል። ለእርስዎ ግን፣ በዚህ ልብ፣ አደጋ አለው። ውሃ መጠጣት ከአሁኑም ይቀንሳሉ። አንድ ቀን ሳይታሰብ ሳንባዎ ሊሞላ ይችላል።»

«ጨርቅ ሲያንስ ልብሱን አይተዉትም። ቁምጣም ቢሆን ይሰፋል።»

«ጨርቅ አይደለም እኮ፣ አባባ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ጨርቅማ ቢሆን ከገበያ እገዛ ነበር።»

የአንድ ሰው አንድ ቀን ብቻውን ለሌላ ሰው አይበቃም። ሌላም ሰው መቀነስ አለበት። ጋሼ ክንዱ በቱቦ እንደታሰረ ግራና ቀኝ ላሉት ነገራቸው። አጠገቡ ያለች ዳቦ ሻጭ ሐኪሙ ከፈቀደ እሺ አለች። ማዶ ያለው ጸሐፊ ግን «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ልጆች አሉኝ፣ አልችልም» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ማንም አልወቀሰውም። ጋሼም «ልክ ነህ ወንድሜ» አለው። የጋሼ ሚስት ስትሰማ ግን እንደ እሳት ነደደች። «ከራስ በላይ ነፋስ ነው! ለልጆችህ የሚቀርላቸው ማን ነው?» አለችው። ሲስተር ደወልንም ያን ቀን ነው የተቀየመቻት፤ ምክንያቱን ሳይነግሯት ደርሳበታለች።

ኮሚቴው ተከራከረ። አንዱ «ሁሉንም ግማሽ እንግደል ነው ወይ የምትሉት?» አለ፤ ሌላዋ «አሁንስ አንዷን ሙሉ እየገደልን አይደል?» ብላ መለሰች። በመጨረሻ ታካሚው በፈቃዱ ከፈረመ፣ ሐኪምም ከተከታተለው ይሁን ተባለ። ጋሼ ፈረመ፤ ዳቦ ሻጯም ፈረመች።

ሲስተር ደወል የግንበኛውን ቁጥር መታች። ግንበኛው የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ አነሳው። «ቦታ ተገኝቷል» ስትለው ትንፋሹን ብቻ ሰማች።

ሚስቱ ገብታ ማሽኑ መዞር ሲጀምር ሲስተር ደወል ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ግንበኛው አጠገብ ቆመች።

«ጃኬቱ አይደለም» አለችው። «ያን ቀን ሦስት ጊዜ ነው የደወልኩት። ሌላ ጊዜ እስኪነሳ ነው የምደውለው። ቀጣዩ ወንድሜ ስለነበር ተውኩት።»

ግንበኛው ስልኩን እጁ ውስጥ ገለባበጠው። የእጁ ቆዳ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል።

«ሦስት ወር ሙሉ» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ ያንን ጃኬት ላቃጥለው ፈለግኩ። ግን ሌላ ጃኬት የለኝም።»

«ይቅር በለኝ።»

«አላውቅም» አለ። ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ በእርግጥ አያውቅም ነበር። «ለእሷ ግን አትንገሪያት። እዚህ ስትመጣ ደስ ብሏት ትምጣ።»

ከዚያ ወዲህ ጋሼን ሲያገኘው እጁን በሁለት እጁ ይጨብጠዋል። ሲስተር ደወልን ያያትና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

ጋሼ በሁለት ቀን እጥበት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ኖረ። ጥማቱ ከባድ ነበር። ውሃውን በቡና ስኒ ይለካል፤ በሙቀት ቀን በረዶ ይመጥጣል፤ ሰው ሲጠጣ እንዳያይ ፊቱን ያዞራል። ግን የሰፈሩ ሰው አሮጌ የስፌት መኪና አውሶት ቁልፍ መትከል፣ ጫፍ ማጠፍ ጀምሮ ነበር። የጸጉር ሠሪዋ ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ ልብሷን የሰፋው እሱ ነው። ልጅቷ ለብሳው ወደ ክፍሉ መጥታ ዞር ዞር ብላ አሳየችው። እሱም «እጅጌው ረዘም ብሏል፣ ታድጊበታለሽ» አላት።

የሞተው በቀትር፣ ቤቱ፣ ሚስቱ አጠገቡ ሆና ነው። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ሲስተር ደወል በሦስት ቀን ቢታጠብ ኖሮ ይቆይ እንደነበር ጠየቀችው።

«ሊቆይ ይችል ነበር» አላት። «ላይቆይም ይችል ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም።»

የወንድሟ ሚስት ቀብሩ ላይ እጇን ሰጠቻት፤ አላቀፈቻትም። ጸጉር ሠሪዋ መጥታ እንደ ልጅ አለቀሰች። ማሽኑ አብቅቷት፣ ባሏ ደግፏት መጥታ ነበር። አሁንም ትታጠባለች። አሁን ክፍሉ ውስጥ በሁለት ቀን የሚታጠቡ ሌሎችም አሉ፤ ከአግዳሚው ላይ ተነስተው የገቡ፣ ባይሆን ኖሮ አፈር የሚሆኑ ሰዎች። የጋሼን ነገር የሚያውቁት ጥቂቶቹ ናቸው።

ሲስተር ደወል ስልኩን ለሌላ ሰው እንዲሰጡላት ለመነች። አሁን በሩ ላይ ሆና ታካሚዎች ከመታጠባቸው በፊት ክብደታቸውን ትለካለች። ጠዋት ጠዋት ወንበሮቹን አይታ ታልፋለች፤ መስኮቱ ሥር አንድ ሰው በባዶ እግሩ ተቀምጦ ቱቦውን ይመለከታል። ከጎኑ ክፍል አዲሷ ደዋይ ቁጥር ስትመታ ይሰማል። ያኔ ሲስተር ደወል ሚዛኑ ላይ የቆመውን ሰው ክንድ ይዛ ዝም ትላለች፤ ቁጥሩንም አታነብም። ከግድግዳው ማዶ «ሃሎ» ሲባል ስትሰማ ነው ክንዱን የምትለቀው።